ጓዳ በበቅሎ ጀርባ

ታኅሣሥ ሲገባ፣ ከጎንደር ወጣ ብላ ካለችው ከፀዳ ወዲያ ያለው ጥቁር አፈር የሽንብራ ነው። ሽንብራ ዝናብ አይጠብቅም፤ ክረምቱ ሲያልፍ ተዘርቶ፣ መሬቱ ይዞት በቀረው እርጥበት ብቻ ያድጋል። ጤፉ ታጭዶ ሜዳው ሲገረጣ እሱ ገና አረንጓዴ ነው። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከአዘዞ አለፍ ብሎ፣ ልጆች እሸቱን ከነሥሩ ነቅለው በእቅፍ በእቅፍ እያሰሩ መንገደኛ ይጠብቃሉ። አንድ እቅፍ ገዝቶ፣ ጭን ላይ አስቀምጦ እየፈለፈሉ መሄድ የዚህ አገር የመንገድ ወግ ነው። ቅጠሉ ላይ ያለው ኮምጣጣ ነገር ጣትንም ከንፈርንም ይነካል፤ ፍሬው ግን ይጣፍጣል፤ ውሃ አይፈልግ፣ እሳት አይፈልግ፣ ጨው አይፈልግ።

ወደ ሰሜን ተራሮች ልንወጣ ፀዳ ላይ የተሰባሰብነው በጾመ ነቢያት ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤና እንቁላል የለም። ከአዲስ አበባ አብረውኝ የመጡት ጓደኞቼ በዚህ ተጨንቀው ነበር። ድንኳኑ፣ ብርዱ፣ ዳገቱ፣ በዚያ ላይ ጾሙ! ብስኩት፣ ፓስታ፣ ያልተከካ አተርና በቆርቆሮ የታሸገ ባቄላ በካርቶን ጭነው መጥተዋል። ከተማ ያደግን ብዙዎቻችን የጾም ምግብ ከቤት የማይወጣ ይመስለናል፤ ምጣዱ፣ ሰፌዱ፣ ጊዜው ሁሉ እቤት ነውና ሜዳ ላይ አይሆንም እንላለን። እኔ የማምነው ተቃራኒውን ነው። ለመንገድና ለተራራ ከጾማችን ማጀት የተሻለ የተሰናዳ ማጀት አላውቅም። ይህንንም ያስተማረኝ አንድ የፀዳ ጓዳ ነው።

አክስቴ ፀዳ ትኖራለች። ጓዳዋ ጠባብ ነው፤ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚበላ ሁሉ እዚያ ተደርድሯል። እንደምንመጣ ቀድመን ነግረናት ስለነበር ስንቃችንን ስታሰናዳ ሰንብታለች። ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎ፣ ተልባ፣ አንድ ጠባብ አፍ ያለው ዕቃ ሙሉ ስልጆ። ጓደኞቼ መጠኑን አይተው «ይሄ ይበቃናል?» ሲሉ ሳቀች። «ውሃውን እዚያ ታገኙታላችሁ፤ እኔ ውሃ አላሸክማችሁም» አለች።

ነገሩ ሁሉ በዚህ አነጋገሯ ውስጥ አለ። አተሩን፣ ባቄላውንና ሽንብራውን በየራሱ ትቆላለች፤ የአንዱ እሳት ለሌላው አይሆንም። ይከካል፤ ገለባው በሰፌድ ይለያል። በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ በሶብላው ደርቆ ይገባበታል፤ ከዚያ ወደ ወፍጮ ቤት። ለበሶው ገብሱ እርጥበት ነክቶት ይሸከሸካል፣ ገለባው ይወጣል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል። ድርቆሽ ከገበታ የተረፈ እንጀራ ብቻ የሚመስለው ሰው አክስቴን አያውቃትም፤ ለመንገደኛ ስትል ሳሳ አድርጋ ትጋግራለች፣ ቆራርሳ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ታሰጣለች፣ በእጇ ስታደቀው «ኮሽ» እስኪል ድረስ ፀሐይ ላይ ታገላብጠዋለች።

ሽሮውን እያሸተትኩ «አክስቴ፣ ጓያ ገብቶበታል እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«በእኔ ቤት ጓያ? አንቺ ልጅ፣ የደንቢያን ሰው እግር ያየሁ ሰው ነኝ እኮ!»

ጥያቄዬ ያለ ምክንያት አልነበረም። ጓያ ሌላው ሰብል እምቢ ባለበት ዓመት የሚበቅል፣ ዋጋውም ቀለል የሚል እህል ነው። ግን ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን ያሽመደምዳል፤ ሽባነቱም አይመለስም። ከጣና በስተ ሰሜን ባለው በደንቢያ ይህ በሽታ ብዙ ሰው የጎዳበት ዘመን ነበር። እህሉን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ ውሃውንም ደፍቶ ማብሰል መርዙን ይቀንሰዋል፤ ሳይዘፈዘፍ ተቆልቶ ተፈጭቶ ሽሮ ውስጥ የገባ ጓያ ግን ከዓይን ይሰወራል። ስለዚህ ሽሮ የሚገዛ ሰው ከምን እንደተሠራ ይጠይቅ። የእህልን ነገር ጠንቅቆ ማወቅ የአንድን ቤት ልጆች እግር የሚያድን እውቀት ነው፤ ይህን እውቀት ለብዙ ዘመን ተሸክመው የኖሩት ደግሞ እንደ አክስቴ ያሉ ሴቶች ናቸው።

ስንቁን በየከረጢቱ ስናስር «ሰሜን ተራሮችን አይተሻቸው ታውቂያለሽ?» አልኳት። «ከደባርቅ ወዲያ አላውቅም» አለች። «ስንቄ ግን ስንቱን ልጅ ይዞ ወጥቷል!» ይህን ያለችው በኩራት ነው። እሷ ራሷ ተራራውን አለማየቷ ግን መንገዱን ሁሉ ከሐሳቤ አልወጣም።

ጎንደር ስንደርስ የጎደለንን ቅመም ፍለጋ ቅዳሜ ገበያ ገባን። የበርበሬውና የኮረሪማው ሽታ ከሩቅ ይቀበላል። የኑግ ዘይት፣ ከቆላው ከመተማና ከሑመራ የሚመጣ ሰሊጥ፣ ከደጋው የሚወርድ ነጭ ሽንኩርት ሁሉም እዚያ ይገናኛሉ። ቆላና ደጋ በአንድ ድስት የሚገናኙት ገበያ ላይ ቀድመው ተገናኝተው ነው።

ከዚያ ወደ ፋሲል ግቢ ዘለቅን። አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መቀመጫቸው ከማድረጋቸው በፊት ብዙዎቹ ነገሥታት አብዛኛውን ዓመት በድንኳን ነበር የሚያሳልፉት። ቤተ መንግሥቱ ይነቀላል፣ ይጫናል፣ ሌላ ሜዳ ላይ ይተከላል። ዛሬ ድንኳን ተሸክሞ ተራራ መውጣት ከውጭ የመጣ መዝናኛ ተደርጎ ይታያል፤ ይህች አገር ግን ለዘመናት በድንኳን የተመራች አገር ናት። ያ ሁሉ ሰፈር በየደረሰበት ይበላ ነበር። ወፍጮ ተሸክመው፣ ገንቦ አዝለው፣ ሠራዊቱን ተከትለው እየፈጩና እየጋገሩ የሚሄዱ ሴቶች ባይኖሩ አንድም ዘመቻ ከወንዝ ማዶ አይሻገርም ነበር። የዓድዋ ጦርነት የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ ወቅቱም ዐቢይ ጾም ነበር። ያን ያህል ሕዝብ ያን ያህል ርቀት የተጓዘው ከየጓዳው ስንቅ ተሰንቆለት ነው። ስለ ጀግኖቹ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ስንቁ ግን ገና ብዙ የሚጻፍ አለ።

የአፄ በካፋን የግብር አዳራሽ ሳይ ደግሞ ጄምስ ብሩስ ትዝ አለኝ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1770 በሊማሊሞ ዳገት ወጥቶ፣ እኛ ልንወጣበት የተነሳንበትን መንገድ ወርዶ ጎንደር ገባ። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ጥሬ ሥጋ ግብር የጻፈው ነገር አውሮፓን አነጋገረ፤ ብዙዎችም ውሸት ነው ብለው አላመኑትም። ከዚያ በኋላ የጎንደር ገበታ ስም ከጥሬ ሥጋ ጋር ተቆራኝቶ ቀረ። ግብሩ አልነበረም አልልም፤ ብሩስ ኮሶ የተባለውን ዛፍም ገልጾ ጽፏል፤ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሕዝብ ለኮሶ ትሉ መድኃኒቱን ከዚያ ዛፍ አበባ ያገኝ ነበርና። ነገር ግን ሰባቱን አጽዋማት፣ ረቡዕንና ዓርብን ጨምሮ፣ የሚጠብቅ ሰው ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ቀን ሥጋ በአፉ አይዞርም። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሱፉና ተልባው የዚያኛው ግማሽ ዓመት ምግቦች ናቸው። ለእንግዳ ዓይን ግብር ያምራል፤ አገር ግን የሚኖረው በዘወትር ማዕዱ ነው።

ከጎንደር ወደ ሰሜን መንገዱ መውጣት ይጀምራል። ኮሶዬ ላይ ቆመን ወደ ታች ስናይ ገደሉ ሰማያዊ ጭጋግ ውስጥ ይጠፋል። አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን እያለፍን ስንሄድ ከፍታው በአየሩ ብቻ አይታወቅም፤ በውድማው ይታወቃል። ታች ጤፍ ነበር፤ እዚህ ገብስ ነው። በሬዎቹ በክብ እየዞሩ ያበራያሉ፤ ገለባው በነፋስ ይነሳል። አንድ ውድማ ዳር ቆመን «እግዚአብሔር ይባርክ!» ስንል አንድ ሽማግሌ መንሻቸውን አስደግፈው ጠላ ጋበዙን፤ ከጠላውም ጋር ትኩስ የገብስ ቆሎ። የእህሉ ባለቤት የእህሉን የመጀመሪያ ቁና ለማያውቀው መንገደኛ ይዘግናል። አዲስ አበባ ውስጥ ስንቴ ጎረቤቴን ሳልጠራ ብቻዬን እንደበላሁ አሰብኩ። እዚህ ደጋ ላይ ብቻውን የሚበላ ሰው ያሳዝናል እንጂ አያስቀናም።

ደባርቅ የመጨረሻው ገበያ ነው። ድንች፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ጎመን ገዛን። የደጋው ድንች ትንሽና ጠንካራ ነው፤ ጎመኑ ውርጭ ስለነካው ይጣፍጣል። ጦስኝ የምትሸጥ ሴት አገኘን፤ በትናንሽ እስር አስራ መሬት ላይ ዘርግታለች። ጦስኝ ለሻይም ለሽሮም የሚሆን፣ በኢትዮጵያ ደጋ የሚበቅል መዓዛማ ቅጠል ነው። «እዚያ ላይ በየእግራችሁ ስር ታገኙታላችሁ» አለችን፤ «ግን ከፓርኩ አትንቀሉ። ከእኔ ግዙ፤ የኔ ከማሳ ዳር ነው።» ለራሷ ገበያ ብላ ቢሆንም የተናገረችው እውነት ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2017 ነው የወጣው። እዚያ የሚነቀል ሁሉ ከዚያ ታሪክ ላይ ይነቀላል። ለድስታችን የሚሆነውን እንጨትም ከደባርቅ ገዝተን በበቅሎ ጫንን፤ ደረቅ ባሕር ዛፍ። የተራራውን የአስታ ዛፍ ለሽሮ ማፍያ ማንደድ ለሽሮውም ነውር ነው።

ሳንቃበር የመጀመሪያ ማደሪያችን ሆነች። ከባሕር ወለል በላይ 3,250 ሜትር ገደማ ነው። ፀሐይ ሳለ ሸሚዝ ይበቃል፤ ስትጠልቅ ጋቢ ላይ ጋቢ ይደረባል። ድስታችንን ጥደን ማብሰል ስንጀምር ተራራው ራሱ ስለ ምግብ ማስተማር ጀመረ።

እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ግን አይግልም። ባሕር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ እዚህ በ89 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ ቢነድዱበትም አይጨምርም። ስለዚህ ጓደኞቼ ከአዲስ አበባ ያመጡት ያልተከካ አተር ቢንተከተክ፣ ቢንተከተክ አልበስል አለ፤ ድንቹም እልህ ያዘ። ሽሮው ግን ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ሽንኩርቱን በኑግ ዘይት አቁላላን፣ ውሃ ጨመርን፣ ሲፈላ ሽሮውን በተን በተን እያደረግን አማሰልን፤ መጨረሻ ላይ ጦስኝ ነሰነስንበት። ሽሮው የበሰለው ሳንቃበር ላይ አይደለም፤ ፀዳ ላይ፣ በአክስቴ ብረት ምጣድ ላይ በስሎ ነበር። እኛ ያደረግነው ውሃውን መመለስ ብቻ ነው። የምስር ክኩም እንደዚሁ ቶሎ ደረሰ፤ ተከክቶ ነበርና። ድርቆሹን በቁሌቱ አርሰን ፍርፍር ስናደርገው ደግሞ ድንኳን ውስጥ ትኩስ እንጀራ የበላን ያህል ሆነ። በሶው እሳትም አላስፈለገው።

በሌላው ዓለም ተራራ ለሚወጣ ሰው በፋብሪካ የደረቀ ምግብ በፓኬት ይሸጣል፤ ሙቅ ውሃ ሲጨመርበት ይመለሳል። ብልሃቱ አንድ ነው፤ ውሃውን ቤት ትቶ፣ እሳቱን ቀድሞ ጨርሶ መሄድ። እኛ ይህንን በፀሐይ፣ በምጣድና በወፍጮ ለዘመናት ስናደርገው ኖረናል።

ከአጠገባችን የሰፈሩ የውጭ አገር እንግዶች ነበሩ፤ ሁለቱ ሥጋ የማይበሉ። ምግባቸውን የሚያበስልላቸው የደባርቅ ልጅ ነው። ማዕዱ ጎመን፣ ድንች በቀይ ሥር፣ ምስርና ሽሮ ነበር።

«ድሮ ለእንደዚህ ያሉ እንግዶች ፓስታ በቲማቲም ብቻ ነበር የምናቀርበው» አለኝ ሽንኩርት እየላጠ። «የእኛን ምግብ አይችሉትም ብለን።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ሽሮ ሳቀርብ ድስቱ ተጠርጎ ነው የሚመለስልኝ። ከምን እንደተሠራ ይጠይቁኛል። እናቴን ጠይቄ ነው የምነግራቸው።»

የራስን ነገር ለእንግዳ አይሆንም ብሎ መደበቅ ትሕትና ይመስላል፤ ግን ጉዳቱ ብዙ ነው። እንግዳው የመጣበትን አገር ሳይቀምስ ይመለሳል፤ የእኛም ልጅ ፓስታ የክብር፣ ሽሮ የጓዳ እንደሆነ እያመነ ያድጋል። ያ ወጣት እናቱን ጠይቆ መልስ መስጠቱ ትልቅ ነገር ነው። በምግብ ዝግጅት ትምህርት ቤቶቻችንና በአስጎብኚ ማኅበሮቻችን ስንቅ አሰነዳድ እንደ ሙያ ቢሰጥ ጥያቄው ሁሉ መልስ ያገኝ ነበር።

ወደ ግጭ የሚወስደው መንገድ በጅንባር ገደል አፋፍ ያልፋል፤ ፏፏቴው ከላይ ሲወረወር ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል። ከዚያ ሜዳው ይከፈታል፤ በሳሩ መሐል ጅብራው ነጠላ ነጠላ ቆሟል። ባለ በቅሎአችን ግጭ የተወለዱ ሙስሊም አባት ናቸው። የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ፓርኩን ለመታደግ ሲባል ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል፤ እሳቸውም ከዚያ ወዲህ የደባርቅ ሰው ናቸው። ቤታቸው የነበረበትን ቦታ በበትራቸው አሳዩን፤ «ያ የገብስ ማሳችን ነበር» አሉ፤ ሌላ አልተናገሩም። ሳሩ መልሶ ሸፍኖታል። የሰው ኑሮና የተራራ ኑሮ ሲጋጩ ሁለቱም ይጎዳሉ፤ ተራራው አገግሞ ሳይ ደስ አለኝ፤ ሰውየውን ሳይ ደግሞ ደስታዬ ሙሉ አልሆነም። ሁለቱንም ስሜት ይዞ መሄድ የሚገባ ይመስለኛል።

ከመካከላችን ሁለቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ነበሩ። ዳገቱን ሁሉ ጠብታ ውሃ ሳይቀምሱ ወጡት። ሌሎቻችን ፈቃድ ስለነበረን ቀድመን መብላት እንችል ነበር፤ ባለ በቅሎውም ጾሙ አይመለከታቸውም። እኩለ ቀን ላይ በሶ በጥብጠን ስንሰጣቸው ግን «ልጆቹ ሳይበሉ?» ብለው ጽዋውን መለሱት። ማንም ሳይነግረው ሁሉም ጠበቀ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ድርቆሹ ፍርፍር፣ ስልጆውና ቃሪያው በአንድ ትሪ ቀረበ። የሚጾመው፣ የማይጾመው፣ ክርስቲያኑ፣ ሙስሊሙ አብሮ እጁን ዘረጋ።

እዚህ ላይ ስለ ጾም ምግብ ከምንም በላይ የምወደው ነገር ታየኝ። በአገራችን ሥጋ ወገን አለው፤ ክርስቲያኑ ክርስቲያን ያረደውን፣ ሙስሊሙ ሙስሊም ያረደውን ይበላል። ሰርግና ለቅሶ ላይ ሁለት ድስት ይጣዳል፣ ሁለት ትሪ ይቀርባል፤ ይህም በመከባበር ነው። ሽሮ ላይ ግን ቢላዋ አላረፈም። አተርና ባቄላን የባረከው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጎንደር ውስጥ ጎረቤት ከጎረቤት ሳይጠያየቅ አንድ ገበታ ላይ የሚቀርብበት ማዕድ ይህ ነው። ሥጋ የማይበላው የውጭ እንግዳም ሲጨመር ትሪው ይሰፋል እንጂ አይጠብም። ጾም ከመከልከል ተነሥቶ ማንንም የማያስቀር ማዕድ ማዘጋጀቱ ለእኔ ከታላላቅ የአገራችን ጸጋዎች አንዱ ነው።

ሌሊቱ ከባድ ነበር። ጠዋት የጀሪካኑ ውሃ አናት በረዶ ይዟል። ባለ በቅሎው እሳቱ ዳር ተልባ በሙቅ ውሃ በጥብጠው፣ ማር ጠብ አድርገው ሰጡኝ። «ብርድ የሚወጣው ከሆድ ነው» አሉኝ። ማሩ ከየት እንደመጣ ስጠይቃቸው «ከቤት» ብለው ዝም አሉ። ለስንቃቸው የያዙትን ነበር የሰጡኝ።

ጨነቅ ደረስን፤ 3,620 ሜትር ላይ። ገደሉ አፋፍ ጭላዶች በመንጋ ተቀምጠው ሳር ይለቅማሉ፤ በጣቶቻቸው እየነጩ፣ እያጸዱ፣ ቀኑን ሙሉ። ከዝንጀሮ ወገን ሳር ግጦ የሚኖር እንደ ጭላዳ የለም። ልጆች ቆሎ ሊወረውሩላቸው ሲሉ ጠባቂው ከለከሏቸው፤ ልክ ናቸው። የራሱ ማዕድ ያለው እንስሳ የእኛን ቅንጣት ቢለምድ ነገ ሰፈር ለሰፈር የሚለምን ይሆናል።

ከጨነቅ ወደ ሰሜን ሲታይ ተራራው ይቆረጥና ቆላው እየተንጣለለ ወደ ተከዜ ይወርዳል። በዚያ ቆላ ውስጥ የዋልድባ ገዳም አለ። የዋልድባ መነኮሳት እህል አይቀምሱም፤ ምግባቸው ከሙዝ የሚዘጋጀው ቋርፍ ነው። እኛ ያለ ቅቤ አንድ ሳምንት እንዴት እንከርማለን ብለን ስንጨነቅ፣ ከእግራችን በታች ያሉ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ያለ ጤፍና ያለ ገብስ ይኖራሉ። ያን ገደል እያየሁ ምግብ ስንት ደረጃ እንዳለው አሰብኩ። ለአንዱ መከልከል የሆነው ለሌላው ጥጋብ ነው። ጓደኞቼ ያመጧቸው የታሸጉ ቆርቆሮዎች እዚህም አልተከፈቱም፤ በቅሎዋ ያለ ጥቅም ተሸክማቸው ወጣች፣ ያለ ጥቅም ልትወርድ ነው። የአክስቴ ከረጢቶች ግን ባዶ ሆነው ተጣጥፈዋል።

ከዚህ ጉዞ ያገኘሁትን በግልጽ ልናገር። ተራራ ላይ የበላነው ማዕድ አብዛኛው ድካም ተራራ ላይ አልደከመም። እኛ አሥር ጊዜ «ደክሞናል» ስንል፣ የቆላችው፣ የከካችው፣ የነፋችው፣ ያሰጣችው ሴት ስሟ አልተነሳም። ለበቅሎው ይከፈላል፣ ለመሪው ይከፈላል፣ ለጥበቃው ይከፈላል፤ ተገቢም ነው። ስንቁ ግን ከእናት፣ ከእህት፣ ከአክስት ጓዳ በነጻ የሚመጣ ነገር ሆኖ ቀርቷል። ይህ መለወጥ አለበት። ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚወጣው ሁሉ የፀዳ፣ የዳባትና የደባርቅ ሴቶች ሽሮ፣ በሶና ድርቆሽ አሰናድተው በስማቸው ቢሸጡ፣ በፓኬት የታሸገው ፓስታ የወሰደውን ገንዘብ ደጋው ራሱ ያገኘዋል። እንግዳውም የሚበላው ከየት ማሳ፣ ከማን እጅ እንደመጣ ያውቃል።

እኛ ተራራ ወጪዎችም የድርሻችንን እናድርግ። ጫማና ድንኳን ከመግዛታችን በፊት ወደ ጓዳ እንግባ፤ አተር ስንት ጊዜ በምጣድ ላይ እንደሚገላበጥ፣ ገብስ መቼ ከእሳት እንደሚወርድ፣ ድርቆሽ መቼ ደረቀ እንደሚባል በገዛ እጃችን እንማር፤ ወንዶቹም ጭምር። የተማርነውን እንጻፈው፤ ይህ እውቀት ከባለቤቶቹ ጋር እንዳያልፍ። ቀጥሎም ስንወጣ በቅሎዋ ላይ ከሚጫነው ስንቅ ጋር ያሰናዳችውን ሴት እናስቀምጥ። አክስቴን «አብረሽን ውጪ» ብያታለሁ፤ «ሽሮውን ማን ይቆላዋል?» አለችኝ። «እኔ» አልኳት።